የተጠቀለለው መረብ

ነገሩ የተጀመረው እኔ የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባውን ስለማነብ ነው።

ጄኔቫ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ሕንፃ የለውም፤ እሑድ ጠዋት አዳራሽ ተከራይተን እንቀድሳለን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ ጎን ባለችው ጠባብ ወጥ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ፣ ዲያቆኑ የተረፈውን የዘቢብ ከረጢት መደርደሪያው ላይ ትቶት ወጣ። እጄን አደረቅሁና ገልብጬ አነበብኩት። በሦስት ቋንቋ ያው ነገር ተጽፏል፤ ዘቢብ፣ ቀጥሎ በደቃቅ ፊደል የሱፍ ዘይት። ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ በዘይት ይታሻሉ ማለት ነው። በእኛ ሥርዓት ለቁርባን የሚቀርበው ከዘቢብ የሚወጣ ነው። ይታጠባል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፤ ሌላ ነገር አይገባበትም።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለጋሼ ነገርኳቸው።

ጋሼ ኦኔ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ወደዚህ አገር የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ዜግነቱንም ከወሰዱ ቆይተዋል። እዚህ የሠሩት መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ሙያቸው ግን ወይን ነው። በወጣትነታቸው መንግሥት ልኳቸው ሜዲትራኒያን ዳር ባለ አንድ አሮጌ የአትክልት ቦታ ሁለት ዓመት ተምረዋል፤ ተመልሰውም እስኪሰደዱ ድረስ ቆላ ውስጥ ያለ የወይን እርሻ ይመሩ ነበር። የተዋወቅነው ለቅሶ ቤት ነው። አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው በእኛ አገር ወይን እንደማይተኛ፣ ብርድ ስለሌለ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚያፈራ ሲነግሩት ሰማኋቸው። ሰውየው ለይሉኝታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ካልተኛ መቼ ነው የሚገረዘው ብዬ ጠየቅሁ። ዞረው ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ አዩኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው አሉና፣ ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ የወይን ግንድ ይሥሉልኝ ጀመር።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ስለ ዕፅዋት የማውቀውን ያገኘሁት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከመዝገበ ቃላት ነው። የምኖረው ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ነው፤ ከአየር ማረፊያው ጀርባ ባለ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ከአውሮፕላን የሚወርዱ የምግብ ጋሪዎች አጥባለሁ። በጋሪዎቹ ጎን ከየት እንደመጡ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ በሙቅ ውሃ ካልራሰ አይለቅም፤ ለማላቀቅም ከጥግ በኩል በጥፍር መጀመር አለበት። የብዙ ከተማ ስም እንዲህ ፍቄያለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በባቡር ወደ ጄኔቫ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጋሼ ጋር አትክልት ቦታ እናያለን፣ ማታ ሶፋቸው ላይ አድራለሁ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነን። ለብዙ ዓመት እንዲህ ነው። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ያሉትን አሮጌ መናፈሻዎች፣ በገደሉ ላይ እንደ ደረጃ የተሠሩትን የወይን እርከኖች፣ የመስታወት ቤቶቹን አይተን ጨርሰናል። ከሁሉም የምንመላለስበት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ የድሮ ባለርስት ቤት ነው። ግቢው ለጎብኚ ክፍት ነው። በግንብ የታጠረው የአትክልት ቦታ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚመልሰው፣ ከግንቡ ውጭ የማይበቅል ነገር ውስጡ ይበቅላል። በለስ አለ፣ ሮማን አለ፣ ከወገቤ በላይ የደረሰ የጥብስ ቅጠል አለ፣ ሁለት ቀጫጭን ጽዶች አሉ። ሮማኑ ያብባል እንጂ ፍሬው ለመብሰል አይደርስም። ጋሼ በሩን አልፈው እንደገቡ ቆም ብለው በአፍንጫቸው ይስባሉ፤ ያ ባሕር እዚህ ድረስ መጥቷል ይላሉ።

እኔ ያን ባሕር የማውቀው ከሌላው ወገን ነው። ተሻግሬዋለሁ፤ ዳርቻው ላይ ምን እንደሚበቅል ግን የሰማሁት ከጋሼ ነው።

ከግንቡ በታች የወይኑ ረድፎች እስከ አንዲት ጠባብ ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ። በመጨረሻዎቹ ረድፎች መካከል ጉልበቴ ጋ የሚደርስ ድንጋይ ቆሟል። ድንበር ነው። አንድ ሰው የተከለው አንድ ወይን ነው፤ ከድንጋዩ ወዲህ ስዊዘርላንድ፣ ወዲያ ፈረንሳይ። ጋሼ እያወሩ ሳያስቡት ያልፉትና ማዶ ሆነው ቅጠል እየገለበጡ ያስረዱኛል። እኔ ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። የሚያይ ሰው የለም። ቢሆንም አላልፍም።

የያዝኩት ፈቃድ ኤፍ ይባላል። ለጊዜው ኑር ማለት ነው፤ በእርሱ ግን ድንበር መሻገር አይቻልም። ዓመታት ከተቆጠሩ በኋላ ወጥቶ መመለስ የሚያስችለውን፣ ቢ የሚባለውን መጠየቅ ይቻላል፤ የዘቢቡ ነገር በተነሣበት ዓመት፣ በዚህ አገር በጋ ላይ ጠይቄ ነበር። የሥራ ማስረጃ አስገባሁ፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት አስገባሁ፣ ፖሊስ ዘንድ ምንም እንደሌለብኝ የሚያሳይ ወረቀት አስገባሁ። ማመልከቻውን የጻፈችልኝ አማካሪ ፋይሉን ዘግታ እጇን ከላዩ አደረገችና መልሱ እስኪመጣ ምንም ነገር እንዳይመዘገብብህ፣ የባቡር ትኬት እንኳ እንዳትረሳ አለችኝ። እኔ ትኬት ረስቼ አላውቅም።

ቢው ሲመጣ የምናደርገውን ከጋሼ ጋር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። በባቡር ወርደን የተማሩበትን አትክልት ቦታ እናያለን። ጋሼ የግቢውን ካርታ ከትዝታቸው ሠርተውልኛል፤ የውሃ ገንዳው የት እንዳለ፣ የሎሚ ዛፎቹ በስንት ረድፍ እንደቆሙ፣ የትኛው ደረጃ እንደተሰበረ። ከፈለጉ ብቻቸውን መሄድ ይችሉ ነበር። አንድ ጊዜ ይህንኑ ብላቸው፣ ጠያቂ ሳልይዝ ለማን ላወራ ነው አሉኝ። ጉልበታቸው ግን በየዓመቱ እየደከመ ነበር።

ጋሼ የዘይቱን ነገር ለካህናችን ለአባ ነገሯቸው። አባ ከረጢቱን ወደ መስኮት አስጠግተው አዩ፤ ደቃቁን ፊደል ማንበብ ስላልቻሉ እኔ አነበብኩላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ዙሪክ ውስጥ አንድ ሱቅ ያለ ዘይት የደረቀ ዘቢብ አገኘሁ። ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት። ጋሼ ግን ለአባ ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፤ የወይን ሰው ቁጭ ብሎ ዘቢብ ከሱቅ አይመጣም ብለዋል። ያን መስከረም ወይን ገዝተው በረንዳቸው ላይ በነጭ አንሶላ አሰጡት። በጥቅምት የጄኔቫ ጉም ወርዶ ተኛ። ወይኑ ሻገተ። ሌላ ገዝተው ከማሞቂያው በላይ ቢያሰጡት ልጣጩ ፈነዳና አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ስልክ ደውዬ ስጠይቃቸው ስለ ሌላ ነገር ያወሩኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ወደ ኮረብታው ቤት ሄድን። ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል፤ ኮረብታው ግን ከጉሙ በላይ ወጥቶ ፀሐይ ነበረው። የአትክልት ቦታውን አየንና ወደ ወይኑ ወረድን። ለቀማው ካለቀ ከወር በላይ ሆኖታል፤ ቅጠሉ ረግፏል። ከታች ባሉት ስድስት ረድፎች ላይ ግን ዘለላዎቹ እንዳሉ ነበሩ። ቡናማ ሆነው ተጨማደዋል። ጋሼ አንዱን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት፣ ከዚያ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፀሐይ ጨርሳልናለች» አሉ።

ቢላዋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እኔ ያልገባኝ መስሏቸው አስረዱኝ። ለቀማ ካለቀ በኋላ ማሳ ላይ የቀረው ቃርሚያ ነው፤ ቃርሚያ የድሃና የእንግዳ ነው። አባታቸው ማሳውን ሁለት ጊዜ አያጭዱም ነበር፤ ሁለቴ የሚያጭድን ሰው አገሩ ስግብግብ ይለዋል። እዚህም ቢሆን ድሮ እንዲሁ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ነግረዋቸዋል። ይህን ሁሉ የተናገሩት ተረጋግተው ነው። በቆላው እርሻቸው ዘለላ ከለቀማ በኋላ ግንዱ ላይ የሚቆይበት ወቅት አልነበረም፤ ወይኑ ወዲያው ለሁለተኛው ፍሬ ይገረዛል። ቀርቶ ያዩት ነገር ሁሉ የተረሳ ነበር የሚመስላቸው።

እኔ ግን መረቡን አየሁት። በረድፉ ጫፍ፣ በመጨረሻው ቋሚ እንጨት ሥር፣ ሰማያዊ መረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የታሰረበት ገመድ ንጹሕ ነበር። ሣሩ ሁሉ ጤዛ ይዟል፤ መረቡ ላይ ጤዛ አልነበረም። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት የተነሣ ነው። አንብቤም ነበር። አንዳንዶቹ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ለመሥራት ጥቂት ረድፍ ሳይለቅሙ ይተዋሉ፤ ወፍ እንዳይበላው በመረብ ይሸፍኑታል፤ መረቡን የሚያነሡት በለቀማው ዋዜማ ነው።

«ጋሼ፣ መረቡ» አልኩ።

«መረቡማ የተነሣው ስላለቀ ነው» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ያልጨረሰ ሰው መረብ ያነሣል?»

ዝም አልኩ። ወይን እርሳቸው ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ እጃቸው ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘለላውን በግራ እጃቸው ከታች ደግፈው፣ ግንዱን ሳይጎዱ፣ እንዲንጠለጠል ትንሽ አንጓ አስቀርተው ይቆርጣሉ። እያንዳንዱን ዘለላ አዙረው የሻገተውን ፍሬ በጥፍራቸው ያወጣሉ። የጨርቅ ከረጢት ከፍቼ ያዝኩላቸው። ስለ አማካሪዋ እጅ አሰብኩ፣ ስለ ፋይሉ አሰብኩ፤ ከረጢቱን ግን አላወረድኩም። ከረጢቱ ወደ ግማሽ ሲደርስ ከላይ የሰው ድምፅ ሰማን።

የግቢው ባለቤት ናት፤ በላስቲክ ቦቲ ኮረብታውን እየወረደች ነበር። ከመስኮት አይታን፣ ከመውረዷ በፊት ለመንደሩ ጥበቃ ደውላለች። ባለፈው ዓመት ሰዎች በመኪና መጥተው እነዚህኑ ረድፎች ሙልጭ አድርገው ስለወሰዱባት፣ እንደገና ሰው ካየች ሳትጠጋ እንድትደውል ተነግሯት ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፈረንሳይኛቸው ውብ ነው፤ ስለ ቃርሚያው፣ ስለ ዘቢቡ፣ ስለ ቅዳሴው አንድ በአንድ ነገሯት። ሴትየዋ ከረጢቱን ከፍታ አየች። ነገ ጠዋት ልንለቅም ነበር፤ መረቡንም ዛሬ ጠዋት ያነሣሁት እኔ ነኝ አለች በቀስታ። ጋሼ ወደ መረቡ ዞሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

የጥበቃው መኪና ሲመጣ ሴትየዋ ራሷ ወደ ጥበቃው ሄዳ ክስ እንደማትፈልግ ነገረችው። ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው። ክስ አለመመሥረት መብቷ እንደሆነ፣ ጥሪው ግን ስለተመዘገበ እርሱ ሪፖርት ሳይጽፍ መመለስ እንደማይችል አስረዳት። መታወቂያችንን ጠየቀ። የጋሼን አይቶ መለሰላቸው። የእኔን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ጋሼ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እርሱ ከረጢት ከመያዝ በቀር ምንም አላደረገም አሉት። ጥበቃው አመሰገናቸውና እርሱንም ጻፈ፤ ከረጢት የያዘ።

ሴትየዋ ከረጢቱን አልተቀበለችንም። ጋሼ ወደ ኦኔ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ለአባ ደወሉ። አባ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ ያልተሰጠን ነገር ወደ መንበር ማውጣት አይቻልም አሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወጣንና ከረጢቱን ሴትየዋ በር ላይ አቀረብንላት። ግራ ገባት። ጋሼ ነገሩን ሲያስረዷት ከረጢቱን ከእጃቸው ተቀበለች፣ አንዴ እቅፏ ውስጥ አደረገችው፣ መልሳም ሰጠቻቸው። አሁን ሰጥቻችኋለሁ አለች። ከዚያም ጋሼ ስለ ማመልከቻዬ ሲነግሯት ምን እንደምታደርግልኝ ጠየቀችኝ። ወረቀት ልጻፍልህ፣ ለማን ልላከው አለች። አድራሻውን ሰጠኋት። በዚያው ሳምንት ላከችው፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ስለ እኔ ከማውቀው በላይ መልካም ነገር አለበት።

ዘቢቡ ለልደት ደረሰ። ዲያቆኑ ሲጨምቀው ጋሼ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ከሩቅ ያዩ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አባ ጋሼን በሰው ፊት መረቋቸው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ተመረቁ። እኔ ብርጭቆ አጠብኩ።

መልሱ የመጣው በግንቦት ነው። ጥያቄው ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም፤ ምክንያቱ፣ የኅዳሩ ሪፖርት፣ በአንድ አንቀጽ ተገልጿል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ማመልከት እችላለሁ። አማካሪዋ ሦስቴ አነበበችው። የሴትየዋ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፣ ጠቅሰውታልም አለች። የተሳሳተ ነገር ብታገኝ ይሻላት ነበር መሰለኝ።

ለጋሼ በስልክ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ሳይነግሩኝ በባቡር ዙሪክ መጡ። ከዘራ ይዘዋል፤ ሱፍ ለብሰዋል። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ወስጄ ካላስገባኋቸው እንደማይመለሱ ነገሩኝ። ምንም እንደማይሆን እያወቅሁ ወሰድኳቸው፤ ቁጥር ይዘን ተቀመጥን። ተራችን ሲደርስ በፈረንሳይኛ ተናገሩ፤ በመስኮቱ ማዶ ያለችው ሴት ፈረንሳይኛ ስለምትችል እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። አዝናለሁ አለች። የሚወስኑት ሰዎች እዚህ እንደማይቀመጡ፣ እርሷ ወረቀት ከመቀበልና ወረቀት ከመስጠት በቀር ሥልጣን እንደሌላት ነገረቻቸው። የምትቀበለው አዲስ ወረቀት ግን አልነበረንም። ጋሼ አመሰገኗት።

ባቡራቸው እስኪደርስ ጊዜ ስለነበረን ዙሪክ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሮጌ መናፈሻ ወሰድኳቸው። አትክልተኞቹ የሎሚና የወይራ ዛፎቹን ክረምቱን ካሳለፉበት የመስታወት ቤት እያወጡ ነበር። እያንዳንዱ ዛፍ በትልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ባለ ሁለት መንኮራኩር ጋሪ ላይ አዘንብሎ እየገፋ ያወጣዋል፣ ሦስተኛው መሬቱ ላይ በኖራ የተሠመረውን ቦታ እያየ ግራ ቀኝ ይላቸዋል። ጋሼ ለምን እስካሁን እንደዘገዩ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። የግንቦት አጋማሽ ብርድ እስኪያልፍ እንጠብቃለን፣ አሁን አልፏል አሉን። አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አንድ ሙሉ ረድፍ ተደርድሮ እስኪያልቅ ተመለከትን።

«ያን ቀን መረቡ ብለኸኝ ነበር» አሉ ጋሼ። «ምን ልትለኝ ነበር?»

ወደ ዛፎቹ ዞርኩ።

«ሰማያዊ ነው ልልዎት ነበር።»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሰማያዊ ነበር» አሉ። «እውነትህን ነው።»

ከዚያ የሎሚ ዛፎቹን ሳጥን በስንት ዓመት እንደሚቀይሩ ጠየቁኝና፣ እኔ ስላላወቅሁ ራሳቸው ነገሩኝ። ባቡሩ ላይ ሳሳፍራቸው በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አላወዛወዙም፤ መስታወቱ ላይ አድርገውት ሄዱ።

አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባለፈው ኅዳር ወደ ኮረብታው ቤት እንደገና ወጣን። ሮማኑ ያን ዓመትም አልበሰለም። ወደ ወይኑ ስንወርድ ከታች ያሉት ስድስት ረድፎች ዘለላ እንደያዙ ነበሩ፤ በሰማያዊው መረብ ተሸፍነዋል። ጋሼ በረድፎቹ መካከል ሲያልፉ ከዘራውንም ጭምር ይዘው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ያለ ከዘራ ቁልቁለቱ ይከብዳቸዋል፤ ቀስ ብለው፣ በጎን በጎን ይረግጡ ነበር። ክንዳቸውን ልይዝላቸው ብል አልፈቀዱልኝም። እኔም ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ተከተልኳቸው።

የድንበሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ማዶ ያለው ግንድ ላይ አዲስ የግረዛ ዓይነት እንደተጀመረ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። እርሳቸውም እንዳዩት ገባኝ፤ አንገታቸው ወደዚያ ዘንበል ብሏል። ሄደው ያዩትና ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እርስዎ እኮ ይችላሉ፤ ይሂዱና ይዩት» አልኳቸው።

«ከዚህም ይታያል» አሉ።

አቆራረጡ ከዚያ አይታይም ነበር። ጉም ከወንዙ እየተነሣ ስለነበር ከፊተኛው ቀጥሎ ያለው ግንድ እንኳ አይለይም። ፊተኛውም እስኪሸፈን ድረስ ግን ድንጋዩ አጠገብ፣ ወዲህ በኩል፣ አብረን ቆምን።